ኢሬን ዦሊዮ-ኩሪ፦ ጨረርን ለሕክምና ያበቃችው፣ በደም ካንሰር ያለፈችው ሳይንቲስት

ስለ ማሪ ኩሪ ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ፖሎኒየምና ሬዲየም የተባሉትን ንጥረ ነገሮች ያገኘች፣ ኖቤልን ሁለት ጊዜ የተሸለመች ሴት ናት። ስለ ትልቋ ልጇ ግን ብዙ ሲወራ አንሰማም። ስሟ ኢሬን ነው። እንደ እናቷ ሳይንቲስት ነበረች፣ እንደ እናቷ ኖቤል ወስዳለች፣ እንደ እናቷም በደም ሕመም ሞታለች። እስከ ዛሬ ድረስ ኖቤል የተሸለሙ እናትና ሴት ልጅ እነሱ ብቻ ናቸው።

ስለ ደም ካንሰር፣ ማለትም ስለ ሉኪሚያ ለመጻፍ ካሰብን ቆይተናል። በሽታው ከምን ይመጣል? ስንት ዓይነት ነው? ሐኪም እንዴት ያውቀዋል? እነዚህን ጥያቄዎች ደረቅ አድርገን ከምናቀርብላችሁ ይልቅ የዚህችን ሴት ሕይወት እየተከተልን ብናያቸው ይሻላል አልን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢሬን መስከረም 12 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ ተወለደች። ወላጆቿ፣ ማሪና ፒየር፣ ሬዲየምን ያገኙት እሷ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲሆናት ነው። እነሱ ከላብራቶሪ አይወጡም፤ ልጅቷን የሚያሳድጋት የአባቷ አባት፣ ሐኪሙ ዩጂን ኩሪ ነበር። 8 ዓመቷ ላይ አባቷ መንገድ ሲያቋርጥ የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ። 12 ዓመቷ ላይ አያቷም አረፈ። ቀረች ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ከኤቭ ጋር።

ትምህርቷ ራሱ የተለየ ነበር። ማሪና የሶርቦን ባልደረቦቿ የመንግሥት ትምህርት ቤቱን አልወደዱትም፤ ስለዚህ ልጆቻቸውን ራሳቸው በየተራ ለማስተማር ተስማሙ። አስቡት እንግዲህ፦ ፊዚክስ የምታስተምራችሁ ማሪ ኩሪ፣ ሒሳብ የሚያስተምራችሁ ፖል ላንዥቫን፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምራችሁ ዣን ፔሬን! ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ተማረች።

ከዚያ 1914 መጣ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጀመረ። ኢሬን 17 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነበር የቀራት።

ማሪ በጦር ሜዳ ሆስፒታሎች ያለውን ችግር ወዲያው ገባት። ወታደሩ ጥይት ወይም የቦምብ ፍንጣሪ በሰውነቱ ይዞ ይመጣል፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ግን ፍንጣሪው የት እንዳለ አያውቅም፤ በግምት ይቀዳል። የራጅ መሣሪያ በትልልቅ ከተሞች ካልሆነ የለም። ማሪ መኪና ላይ የራጅ መሣሪያና ጄኔሬተር አስገጠመች፣ መኪናዎቹንም ወደ ግንባር አሰማራች። ወታደሮቹ መኪናዎቹን “ትንንሾቹ ኩሪዎች” ይሏቸው ነበር። ኢሬንም ከእናቷ ጋር አብራ ወጣች፤ የነርስነት ሥልጠናም ወሰደች። 18 ዓመቷ ላይ እናቷ ቤልጂየም ውስጥ በሚገኝ የጦር ግንባር ሆስፒታል የራጅ ክፍሉን ለብቻዋ እንድታስተዳድር ትታት ተመለሰች። በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ነው የሚጠብቁት፤ እሷ ግን በእጥፍ የሚበልጧትን ሐኪሞች ፍንጣሪው እዚህ ጋ ነው፣ በዚህ በኩል ግቡ እያለች ታሳያቸው ነበር። መሣሪያው ሲበላሽም የምትጠግነው እሷው ነበረች። ከጦርነቱ በኋላ ወታደራዊ ሜዳሊያ ተሰጣት።

ነገሩን ከበሽታው ጋር የሚያገናኘው እዚህ ላይ ነው። የዚያ ዘመን ራጅ የዛሬው አይደለም። አንድ ፎቶ ለማንሳት ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ ጨረሩ በየአቅጣጫው ያመልጣል፣ መከላከያው ደግሞ ጓንትና ትንንሽ የብረት ጋሻ ከመሆን አያልፍም። የዛሬ ባለሙያ ራጅ ሲያነሳችሁ ግድግዳ ጀርባ ይደበቃል፣ ደረቱ ላይም የወሰደውን ጨረር የሚቆጥር መለኪያ ይለጥፋል። ኢሬን ይህ ሁሉ አልነበራትም። ለዓመታት፣ በወጣትነቷ፣ በየቀኑ እዚያ ቆማለች።

ጨረር ደም ላይ ምን ያደርጋል? ለዚህ መቅኔን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአጥንታችን ውስጥ ያለው መቅኔ የደም ፋብሪካ ነው። በቀን በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሴሎች ያመርታል። ኦክሲጅን የሚያመላልሱት ቀዮቹ፣ ከበሽታ የሚዋጉት ነጮቹ፣ ቁስል ሲደማ የሚደፍኑት ፕላትሌቶች፣ ሁሉም የሚወጡት ከእዚያ ነው። ፋብሪካው ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ሴሎቹ ያለማቋረጥ ይከፋፈላሉ፤ በእያንዳንዱ ክፍፍል ዲኤንኤ ይገለበጣል። ጨረር ደግሞ ዲኤንኤን ይሰብራል። ሰውነት ስብራቱን ይጠግናል፤ ብዙውን ጊዜ በደንብ፣ አንዳንዴ ግን አሳስቶ። አሳስቶ ከጠገነው ውስጥ አንዷ ሴል መብሰሏን ትታ ዝም ብላ መራባት ብቻ ልትጀምር ትችላለች። ልጆቿም እንደሷ ናቸው፤ አይበስሉም፣ ሥራ አይሠሩም፣ በጊዜያቸው አይሞቱም። ቀስ በቀስ መቅኔውን ይሞሉትና ጤነኞቹ የሚመረቱበት ቦታ ያጣሉ። ሉኪሚያ ማለት ይኸው ነው። ስሙን በ1847 ያወጣለት ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኮ ነው፤ ከግሪክኛ የወሰደው ሲሆን ትርጉሙ ነጭ ደም ማለት ነው። የበሽተኞቹ ደም በነጭ ሴል ተሞልቶ አይቶ ነው እንዲህ ያለው።

ወደ ኢሬን እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ እናቷ በምትመራው የሬዲየም ኢንስቲትዩት ገባች። በ1925 በፖሎኒየም ጨረር ላይ ባደረገችው ጥናት ዶክትሬቷን ያዘች። ፖሎኒየም ራሷ እናቷ አግኝታ በትውልድ አገሯ በፖላንድ ስም የሰየመችው ንጥረ ነገር መሆኑን ልብ በሉ። በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት መሐንዲስ ለማሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ፤ የላብራቶሪውን ሥራ እንድታሳየው የተመደበችው ኢሬን ነበረች። ፍሬዴሪክ ዦሊዮ ይባላል። እሱ ተጫዋች፣ ወሬኛ፣ ሰው ወዳድ፤ እሷ ዝምተኛ፣ ቁጥብ፣ ለአለባበሷም ለሰው አስተያየትም ግድ የሌላት። አይገጣጠሙም ተባለ። በ1926 ተጋቡ። ሔለን በ1927፣ ፒየር በ1932 ተወለዱላቸው።

ባልና ሚስቱ አብረው መሥራት ሲጀምሩ ዕድል ደጋግማ አመለጠቻቸው። የኒውትሮንን ምልክት በሙከራቸው አይተው ምን እንደሆነ ሳይረዱት ቀሩ፤ እንግሊዛዊው ቻድዊክ የእነሱን ጽሑፍ አንብቦ በ1932 ኒውትሮንን አገኘ፣ ኖቤሉንም ወሰደ። ፖዚትሮንም እንዲሁ አመለጣቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር።

በጥር 1934 ግን አልሙኒየም ላይ የፖሎኒየም ጨረር ሲያሳርፉ አንድ ያልጠበቁት ነገር ሆነ። ፖሎኒየሙን ካነሱት በኋላም አልሙኒየሙ ጨረር መስጠቱን አላቆመም። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው እየደከመ የጠፋው። ምን ማለት ነው? አልሙኒየሙ በከፊል በተፈጥሮ ወደሌለ የፎስፈረስ ዓይነት ተቀይሯል፤ ጨረር የሚሰጥ ፎስፈረስ። የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በእጁ ሠራ ማለት ነው። ማሪን ጠርተው አሳዩአት። በሬዲየም በተጎዱ ጣቶቿ ትንሿን የሙከራ ብልቃጥ ይዛ ወደ መቁጠሪያው መሣሪያ አስጠጋችው፣ መሣሪያውም ቆጠረ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1934፣ ማሪ ሞተች። የሞተችበት ሕመም ከሉኪሚያ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ ልዩነቱን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። የእሷ አፕላስቲክ አኒሚያ ይባላል። በዚያ ሕመም ፋብሪካው ይዘጋል፤ መቅኔው ቀይም ነጭም ፕላትሌትም ማምረት ያቆማል። በሉኪሚያ ፋብሪካው አልተዘጋም፤ የማይረባ ምርት ሌት ተቀን እያመረተ ነው። ደም ማነሱ፣ ኢንፌክሽኑ፣ መድማቱ በሁለቱም ስለሚታይ ከውጭ ያየ ሰው አንድ ይመስለዋል።

በ1935 ኢሬንና ፍሬዴሪክ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። እናቷ አላየችውም።

ከዚህ ግኝት በኋላ የሆነው ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያደረገን ዋናው ምክንያት። ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር እንደልብ መሥራት ከተቻለ ሕክምና ውስጥ ማስገባትም ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስቱ ኧርነስት ሎውረንስ በመሣሪያው ሌላ ዓይነት፣ ዕድሜው ረዘም ያለ ጨረራማ ፎስፈረስ መሥራት ቻለ። ወንድሙ ጆን ሎውረንስ ሐኪም ነበር። ፎስፈረስ አጥንትና መቅኔ ውስጥ እንደሚከማች ስለሚታወቅ፣ በ1936 ለአንድ የሉኪሚያ ታማሚ በመድኃኒትነት ሰጠው። በሰው ሠራሽ ጨረራማ ንጥረ ነገር ሰው የታከመው ያኔ ነው፤ የታከመውም በሽታ ሉኪሚያ ነበር። አዎ፣ ኢሬን የሞተችበት በሽታ። ዛሬ ፎስፈረሱ ለሉኪሚያ አይሰጥም፣ የተሻለ መድኃኒት መጥቷል። መንገዱ ግን አልተዘጋም፤ ለታይሮይድ ካንሰርና ለአንዳንድ የእንቅርት ሕመሞች የሚሰጠው ጨረራማ አዮዲን የዚሁ ግኝት ልጅ ነው።

የፖለቲካውን ነገር በአጭሩ እንለፈው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። በ1936 የፈረንሳይ ሴቶች ገና የመምረጥ መብት ሳይኖራቸው ኢሬን በመንግሥት ውስጥ የሳይንስ ምርምር ምክትል ኃላፊ ሆና ለጥቂት ወራት አገለገለች። ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት አመለከተች፣ ተከለከለች፤ እናቷም በ1911 ተከልክላ ነበር። ኢሬን ግን አልተወችውም፤ የሴቶች መከልከል እንዲታይ ደጋግማ አመለከተች። በ1948 አሜሪካ ስትገባ በግራ ፖለቲካዋ ምክንያት ኤሊስ ደሴት ላይ አሳድረዋት በማግሥቱ ለቀቋት። ከጦርነቱ በኋላ እሷና ባሏ የፈረንሳይን የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ካቋቋሙት ሰዎች መካከል ነበሩ፤ በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሁለቱም ከዚያ ተገፉ።

ጤናዋ ግን ቀድሞም ደህና አልነበረም። ለብዙ ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ተሰቃይታለች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አዲሱ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲን ሲመጣ ነው የዳነችው። በዚያው ጊዜ አካባቢ፣ በ1946፣ ላብራቶሪዋ ጠረጴዛ ላይ ፖሎኒየም የያዘች የታሸገች ካፕሱል ፈነዳች። የፖሎኒየም ጨረር ወረቀት እንኳን አያልፍም፤ ቆዳችንም ያስቆመዋል። አየር ላይ ተበትኖ በትንፋሽ ከገባ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከውስጥ ሆኖ ጉበትን፣ ጣፊያን፣ መቅኔን ይመታል።

ወደ 10 ዓመት ገደማ አለፈ። በ1956 መጀመሪያ አልፕስ ተራራ ላይ ዕረፍት ላይ ሳለች ታመመች፤ ወደ ፓሪስ ተመልሳ በእናቷና በአባቷ ስም በተሰየመው በኩሪ ሆስፒታል ተኛች። ሉኪሚያ ነበር።

የሉኪሚያ ክፋቱ ምልክቱ የሌላ በሽታ መምሰሉ ነው። ቀይ ሴል ሲያንስ ድካም ይመጣል፣ ፊት ይገረጣል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥራል። የበሰለ ነጭ ሴል ሲጠፋ ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ ኢንፌክሽኑ አልለቅ ይላል። ፕላትሌት ሲያንስ ድድ ይደማል፣ ነስር ይደጋገማል፣ ሳይመቱት ሰውነት ይበልዛል፣ ቆዳ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ። አንዳንዱ አጥንቱን ያመዋል፣ በተለይ ሕፃናት፤ አንዳንዱ አንገቱ ወይም ብብቱ ላይ ንፍፊት ያወጣል፤ አንዳንዱ ጣፊያው አብጦ ትንሽ በልቶ ይጠግባል። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ታይፎይድ ነው፣ ወባ ነው፣ ደም ማነስ ነው ቢል አይፈረድበትም፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ሉኪሚያን የሚያስጠረጥረው ብዙዎቹ አንድ ላይ ሲመጡና በተለመደው ሕክምና አልሻል ሲሉ ነው።

ምርመራውስ? የመጀመሪያው በጣም ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችሁም አድርጋችሁት ታውቃላችሁ። ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ቆጠራ። አንድ ጤነኛ አዋቂ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነጭ ሴል ይኖረዋል። የሉኪሚያ ታማሚ ከ100,000 በላይ ሊሆን ይችላል። ግን ሁልጊዜ አይበዛም፤ ትክክል ሊሆን፣ እንዲያውም ሊያንስ ይችላል። በሌላ በኩል ነጭ ሴል በዛ ማለት ካንሰር ነው ማለት አይደለም፤ ተራ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መደንገጥም መረጋጋትም ትክክል አይደለም። የላብራቶሪ ባለሙያው አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ አሰራጭቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ የሴሎቹን መልክ ያያል። ያልበሰሉት ሴሎች መልካቸው የተለየ ነው።

ቁርጡን የሚነግረው ግን የመቅኔ ምርመራ ነው። በማደንዘዣ አደንዝዘው ከኋላ በኩል ከዳሌ አጥንት በመርፌ ትንሽ መቅኔ ይወስዳሉ። መርፌው ያማል፣ አንዋሽም፤ ግን የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። በመቅኔው ውስጥ ካሉት ሴሎች 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ያልበሰሉ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ አጣዳፊ ሉኪሚያ ነው ይባላል። ኢሬን በታመመችበት ዘመን ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃ ነበር፤ ማይክሮስኮፕና የሐኪም ዓይን። ዛሬ ሴሎቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች የሚለይ መሣሪያ አለ፣ ክሮሞዞሙና ጂኑም ይታያል። ሕክምናው የሚወሰነው በዚያ ነው፤ ምክንያቱም ሉኪሚያ አንድ በሽታ አይደለም።

ሁለት ጥያቄ ነው የሚጠየቀው። በፍጥነት ነው የሚሄደው ወይስ ቀስ ብሎ? ፈጣኑ አጣዳፊ ይባላል፤ ካልታከመ በሳምንታትና በወራት ይገድላል። ዝግተኛው ሥር የሰደደ ይባላል፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄ፦ የተበላሸችው ሴል ከየትኛው ቤተሰብ ናት? ሊምፎይድ ወይስ ማይሎይድ? ሁለቱን ጥያቄ ስታጋቡ አራት ዋና ዋና ዓይነቶች ይወጣሉ። አጣዳፊ ሊምፎይድ በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ነው። አጣዳፊ ማይሎይድ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል። ሥር የሰደደው ሊምፎይድ የአዛውንቶች ነው፤ ብዙ ጊዜ በሌላ ምክንያት ደም ሲታይ በአጋጣሚ ይገኛል፣ ሕክምና ሳይጀመር ክትትል ብቻ የሚደረግለትም አለ።

አራተኛው፣ ሥር የሰደደው ማይሎይድ፣ የራሱ ታሪክ አለው። በ1960፣ ኢሬን በሞተች በአራት ዓመቱ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በታማሚዎቹ ሴል ውስጥ አንድ ያጠረች ክሮሞዞም አዩ። በኋላ እንደታወቀው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው ነው። ከዚያ ቅያሬ የምትወጣዋን ፕሮቲን ለይቶ የሚያስቆም ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን በ2001 ጸደቀ፤ ያኔ ብዙውን የሚገድል የነበረው ሕመም ክኒን እየዋጡ ለዓመታት የሚኖሩበት ሆነ። በአገራችንም የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ይህን ክኒን በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም ሲያገኙ ቆይተዋል።

ለኢሬን ግን ጊዜው ገና ነበር። አሜሪካዊው ሲድኒ ፋርበር በ1948 አሚኖፕቴሪን በሚባል መድኃኒት የሕፃናት ሉኪሚያን ለጊዜው ማፈግፈግ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን በሽታው ይመለስ ነበር። ዛሬ ባደጉት አገሮች አጣዳፊ ሊምፎይድ ሉኪሚያ ከያዛቸው 10 ሕፃናት 9ኙ ገደማ ይድናሉ። በ1956 እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሐኪም አልነበረም።

እንግዲህ ጨረሩ ነው የገደላት? ብዙ ጽሑፎች አዎ ብለው ያልፉታል። እኛ ትንሽ ቆም ማለት እንፈልጋለን። ጨረር ሉኪሚያን እንደሚያመጣ ጥርጥር የለውም። በ1944 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የራጅ ሐኪሞች ከሌሎች ሐኪሞች ወደ 10 እጥፍ ገደማ በሉኪሚያ ይሞቱ እንደነበር አሳይቷል። ሒሮሺማና ናጋሳኪ ላይ ከቦምቡ የተረፉት ሰዎች መካከል ሉኪሚያ የጨመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው፤ ከሌሎቹ ካንሰሮች ሁሉ ቀድሞ። ቤንዚን የተባለው ኬሚካልም ያመጣል (መኪና ከምንሞላው ነዳጅ ጋር አታምታቱት፤ በነዳጁ ውስጥ ጥቂቱ ይገኛል እንጂ አንድ አይደሉም)። ቀድሞ ለሌላ ካንሰር የተወሰደ ኬሞቴራፒ፣ ሲጋራ፣ ዳውን ሲንድሮም፣ አንድ የቫይረስ ዓይነት፤ እነዚህም ዕድሉን ይጨምራሉ። ግን አብዛኛው የሉኪሚያ ታማሚ ከእነዚህ አንዱም የለበትም። ሴሎች ሲከፋፈሉ በራሳቸው ይሳሳታሉ። ስለዚህ ልጃቸው የታመመባቸው ወላጆች ምን አጥፍተን ነው ብለው ራሳቸውን ሲወቅሱ ስናይ ያሳዝነናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላጠፉም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

አንድ የተሰበረ ዲኤንኤ ማን እንደሰበረው ስም አይጽፍም። የኢሬን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጨረር ውስጥ የኖረች ሴት ታሪክ ነው፤ ከ17 ዓመቷ የራጅ ክፍል እስከ ፈነዳችው ካፕሱል። ባለሙያዎች በጨረር ነው ቢሉ የሚያስገርም አይደለም።

አደጋውን አታውቅም ነበር እንዳትሉ። በኢንስቲትዩቱ የሠራተኞች ደም በየጊዜው ይቆጠር ነበር፤ ያው የዛሬው ሲቢሲ መሆኑ ነው። የእናቷንም አሟሟት ታውቅ ነበር። ቢሆንም ከላብራቶሪ አልወጣችም፤ በመጨረሻዎቹ ወራት እንኳን ከፓሪስ ወጣ ብሎ ኦርሴ ላይ ለሚሠራው አዲስ የፊዚክስ ማዕከል ዕቅድ እያወጣች ነበር።

መጋቢት 17 ቀን 1956 በ58 ዓመቷ አረፈች። ፈረንሳይ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ቀበረቻት፤ ቤተሰቧ ግን ወታደራዊውና ሃይማኖታዊው ክፍል እንዲቀር ጠየቁ፣ ቀረም። ፍሬዴሪክ የእሷን ወንበርና የኦርሴን ሥራ ተረክቦ ቀጠለ፤ በ1958 እሱም ሞተ። ሔለን የኒውክሌር ፊዚክስ ሊቅ ሆነች፣ ያገባችውም የዚያን የሒሳብ አስተማሪ የፖል ላንዥቫንን የልጅ ልጅ ነው። ፒየር ባዮኬሚስት ሆነ።

በ1995 ማሪና ፒየር ኩሪ ፓሪስ ከተማ ወዳለው ፓንተዮን፣ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ሕንፃ እንዲዛወሩ ተወሰነ። የማሪ መቃብር ሲከፈት የጨረር ባለሙያዎች መለኪያ ይዘው ቆመው ነበር። ከተፈራው በጣም ያነሰ ጨረር ነው ያገኙት። ሬዲየም እንደ ካልሲየም ሆኖ አጥንት ውስጥ ስለሚቀመጥና ለመጉደል ከ1,000 ዓመት በላይ ስለሚወስድ፣ ብዙ ውጣ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይገኝ ነበር። ስለዚህ ማሪን ለሕመም የዳረጋት ከሬዲየሙ ይልቅ በጦርነቱ ጊዜ ያነሳችው ራጅ ሳይሆን አይቀርም ብለው ደመደሙ። በዚያ ጦርነት አጠገቧ ቆማ ራጅ ታነሳ የነበረችው ልጇ ናት። የኢሬን መቃብር አልተከፈተም። ከፍሬዴሪክ ጋር አሁንም ከፓሪስ በስተደቡብ ባለችው በሶ መካነ መቃብር ይገኛሉ።